ቴፑን ሳልነካ ስፒከሩን ብቻ የቀየርኩበት ምክንያት

ሰሞኑን የኮሮላዬን በር ፈታትቼ የለጠፍኩትን ፎቶ ያያችሁ የድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ ስታሾፉብኝ ሰነበታችሁ። «ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜ ሙዚቃ ማስጮህ ጀመሩ እንዴ?» ያለኝ አለ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «አሮጌውን ቴፕ ነቅለህ ባለ ስክሪኑን አታስገባም? በአሮጌ ቴፕ ላይ አዲስ ስፒከር ምን ይሠራል?» አለኝ። ለሁለቱም እዚሁ ልመልስ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ቴፑን ያልነቀልኩት ካሴት ስለሚያጫውት ነው። በቤታችን ካሴት የሚያጫውት ሌላ ነገር አልቀረም። (ለነገሩ ሰው ቴፕ የሚቀይርበት በቂ ምክንያት አለ። ከጃፓን የመጣ ሬድዮ ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሚይዝ ሸገር 102.1ን አያገኝም። የእኔ ግን ይይዛል።)

ካሴቱ የአባቴ ነው። በ1984 ዓ.ም ከመንዝ ለታላቅ ወንድሜ የላከለት ነው። ያኔ ደብዳቤ በሰው እጅ ከማስጻፍ ይልቅ ድምፅ ቀርጾ መላክ የተለመደ ነበር፤ ውጭ አገር ዘመድ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ዕቃው መሃል ተገኘና እኔ ጋ መጣ። አባቴ ግማሹን ስለ ጓሳ ነው የሚያወራው። ሣሩ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ተጠብቆ ሲከፈት አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን ለቤት ክዳን፣ ማን ለገመድ እንደሚያጭድ ይተርካል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት መፍረሱ እስከ መጨረሻው ከሆዱ አልወጣም። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነገር በአንድ ወረቀት ሲቀር ቢቆጨው አይፈረድበትም።

ከዚያ ድንገት ሳል ይልና እንዲህ ይላል፦ «ያቺ ዳልቻ ላም የኛ አይደለችም። የ… ልጅ አደራ ናት። እኔ ባልኖር እንዳትረሱ።»

የማን ልጅ? እቴቴ «የአክስቴ ልጅ ነው የሚለው» አለች። እማዬ ደግሞ «ኧረ የአጎቴ ልጅ ነው! እሱ አይደል እንዴ በየዓመቱ እየመጣ ላሚቱን የሚያይ የነበረው?» አለች። ላሚቱ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ዘሯ ግን እስከ ዛሬ መሐል ሜዳ እማዬ ግቢ አለ። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ አይደለም። አደራ ለማይገባው ሰው ብትመልሰው አልመለስከውም፤ ከዚያም አልፎ በሁለት ዘመዳሞች መሃል ጠብ ትተክላለህ።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። «አክስቴ» እና «አጎቴ» በተበላሸ ስፒከር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የሚለያቸው በዋናነት «ስ» ነው። የ«ስ» ጉልበት ያለው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። የእኔ መኪና ስፒከር ደግሞ ባለ አንድ ወረቀት፣ ዙሪያው በፀሐይና በአቧራ ተሰነጣጥቆ የተቀደደ፣ ትዊተር የሌለው ነው (ማኅበራዊ ሚዲያውን ማለቴ አይደለም፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሿን ስፒከር ነው)። በዚያ ላይ በሩ ሥር ተቀምጦ የሚያወራው ከጆሮህ ጋር ሳይሆን ከቅልጥምህ ጋር ነው። ስለዚህ «አክ…ቴ» ይመጣል፣ «ስ» መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ተማሪዬ ካሴቱን ወደ ስልክ ገልብጦልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፤ ግን የገለበጠው ስልኩን እዚያው የተቀደደ ስፒከር ላይ ደግፎ ነው!

መጀመሪያ የሠራሁት ብር የማያስወጣውን ነው። የቴፑን ማንበቢያ በጥጥና በአልኮል ጠረግሁ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በጥቂቱ እያዞርኩ ማንበቢያው ከክሩ ጋር ቀጥ እንዲል አስተካከልኩ። እሷ ትንሽ ስትዛነፍ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ተሻሻለ፣ ግን አልበቃም።

ከዚያ ሱማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ «300 ዋት» የተጻፈበት አወጣልኝ። ልጆች፣ ይህን አስተምሬያችኋለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሠራ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። ቮልቱን በራሱ አባዝታችሁ ለ4 ኦም ስፒከር በ8 ብታካፍሉት 26 ዋት ገደማ ይመጣል። እሱም በወረቀት ላይ ነው፤ ፋብሪካው ቴፑ ውስጥ የከተተው አምፕሊፋየር ንጹሕ አድርጎ የሚሰጠው ከ20 ዋት በታች ነው። ታዲያ 300 ዋት የሚችል ስፒከር ምን ይሠራልኛል? አምፕሊፋየሩን ካልቀየርክ የምትፈልገው ብዙ ዋት የሚሸከም ስፒከር ሳይሆን በጥቂት ዋት ጥሩ የሚናገር ስፒከር ነው። ካርቶኑ ላይ በዴሲቤል የተጻፈችውን ቁጥር እዩ። 91 የሚለው 85 ከሚለው በ6 ይበልጣል፤ ይህ ማለት አምፕሊፋየሩን አራት እጥፍ ያሳደግከው ያህል ነው። ርካሽና ከባድ ማግኔት ያለው ነገር ሁሉ ጥሩ ነው የሚለውን እርሱት።

ኦሙን ደግሞ አትንኩ። የእኔ 4 ስለሆነ 4 ገዛሁ (ሜትር ስታደርጉበት 3.5 ገደማ ቢያነብ አትደንግጡ፣ ልክ ነው)። 2 ኦም ብታስገቡበት አሮጌው አምፕሊፋየር ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ጄቢኤል ወይም ቦዝ የተጻፈበት፣ አምፕሊፋየሩ ለብቻው የተቀመጠ መኪና ያላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል። የእነሱ ስፒከር ብዙ ጊዜ 2 ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በቦታው 4 ኦም ብታስገቡ ጉልበቱ በግማሽ ወርዶ «አዲሱ ከአሮጌው አነሰ» ብላችሁ ሻጩን ትረግማላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን አውጥታችሁ ጀርባውን አንብቡ።

ሥራው ከስፒከሩ ይልቅ በሩ ላይ ነው። ስፒከር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ነው የሚጮኸው፤ በሩ ቀዳዳ ከሆነ የኋላው ድምፅ ዞሮ የፊቱን ይበላዋል። ከጣውላ ቀለበት አስቆርጬ ስፒከሩን አጥብቄ አሰርኩ፣ የበሩን የውስጥ ቀዳዳዎች ለጣሪያ በሚሆን ባለ ሬንጅ ልጣፍ ደፈንኩ። እቴቴ «የመንዝ ባና ጠቅጥቅበት፣ ድምፅ ይውጣል» ብላኝ ነበር። ሱፍ ድምፅ መዋጡ እውነት ነው፣ የስፒከር ሳጥን ውስጥም ይጨመራል። የመኪና በር ግን በመስኮቱ በኩል የዝናብ ውኃ ይገባዋል፤ ባናው ይጠጣና በሩን ያዝገዋል። ባናውን ለእግሬ አተረፍኩት።

በመጨረሻ፣ ገመዱን ከመበየዳችሁ በፊት በ1.5 ቮልት ድንጋይ ነካ አድርጉት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ሁለቱ ይጣላሉ፣ መሃል ላይ የነበረው የሰው ድምፅ ይበተናል።

እንግዲህ በደብረ ብርሃን አድርገን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መዘዞ ታጥፈን ጓሳ ወጣን። መንዝ የነበረችውን እማዬን መሐል ሜዳ ሄደን ይዘናት ተመለስንና መኪናዋን ጥግ አስይዤ ሞተር አጠፋሁ። እዚያ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። አንዱ ተማሪ መጠየቁ ስለማይቀር፦ አዎ፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ስፒከሩ 3 ዴሲቤል ገደማ ያጣል፤ ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ ጆሮ የሚለየው አይደለም። ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። ጓሳ ላይ ማስጮህ ነውር ነው፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የራሱ ቤት ነው።

«…የአክስቴ ልጅ አደራ ናት።»

«ስ»ዋ እንደ ምላጭ ናት። ሦስት ጊዜ አጠነጠንኩት። እቴቴ ምንም አላለችም፤ ማሸነፏን በዝምታ ነው የወሰደችው። እማዬ ግን ስለ ላሚቱ አልነበረም ያሰበችው። «እስቲ ያችን ሳሉን መልስልኝ» አለች። መለስኩላት። «እንዲህ ነበር የሚስል» አለች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ። ያን ሳል በድሮው ስፒከር እንደ ጉርጉርታ ነበር የምንሰማው።

የአባቴ አክስት ልጅም በሕይወት የለም፤ ልጁ ደብረ ብርሃን አለች። ከዳልቻዋ ዘር አንዲት ጊደር ለእሷ እንድትሰጥ እማዬ ወስናለች፤ ደውለን ነግረናታል። የአጎት ልጅ ቤተሰብ ላይም እማዬ ራሷ ሄዳ ትነግራለች፤ በስልክ አይሆንም ብላለች።

አሁን የሚያሰጋኝ ክሩ ነው፣ በተጫወተ ቁጥር ይሳሳል። በደህና የቤት ዴክ በቀጥታ ገመድ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ የሚችል ሰው ካለ ኢንቦክስ ያድርግልኝ። ካሴቱን ግን እኔው ይዤ መጥቼ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የማስገለብጠው፣ አትቀየሙኝ።