ጡረታ፣ ጀልባና የደም ግፊት ክኒን

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊት ብዬ ብጀምር ግማሾቻችሁ «ይህንንማ ስንቴ ሰማነው» ብላችሁ እንደምታልፉት አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ጀልባ እጽፍላችኋለሁ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ጠበላን አልፋችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ በግራ በኩል ቀላ ያለ ውሃ ብቅ ይላል። አባያ ነው፤ በስፋቱ ከጣና ቀጥሎ ያለው ሐይቃችን። አባቴ መምህር ነው። ልጆች ሳለን በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር «ጡረታ ስወጣ ጀልባ ገዝቼ እዚህ ውሃ ላይ ነው የምታገኙኝ» ይለን ነበር። እንስቅ ነበር። አሁን 57 ዓመቱ ነው፤ 33 ዓመት አስተምሯል፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር የጀልባ ሞተር ዋጋ በስልክ ሲያጠያይቁ እሰማለሁ። ሐሳባቸው ዓሣ መነገድ አይደለም። ማለዳ ተነስተው የአባያን ደሴቶች መዞር፣ ጊዲቾ ደርሰው ማደር፣ ቆሮሶ አስጠብሰው መብላት ነው። ሲለምዱት ደግሞ ጫሞን፣ ከዚያ ሐዋሳን፣ አንድ ቀንም ጣናን ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ መሻገር ይፈልጋሉ።

ታዲያ አንድ እሁድ ቡና እየተጠጣ «ዶክተርዬ፣ 60 እስኪሞላኝ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልውጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው፤ «ስሜን ብቻ አትጥሪ» ብሎኛል።

መጀመሪያ ሕጉን እናንሳ፤ ቶሎ ያልቃል። በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ከመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው 60 ሲሞላው የዕድሜ ልክ አበል ያገኛል፤ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ደግሞ ከ55 ጀምሮ ቀድሞ መውጣት ይችላል። አበሉ አገልግሎት በጨመረ ቁጥር ከፍ ቢልም ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእናንተ ስንት እንደሚደርስ ለማወቅ ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሄዳችሁ ማኅደራችሁን አስወጥታችሁ አስሰሉ። ብዙ ሰው ይህንን የሚያደርገው ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው ነው፤ ያኔ የጎደለ የቅጥር ደብዳቤ ፍለጋ ይጀመራል።

እኛ ጋ ግን የጡረታን ቀን የሚወስነው ሕጉ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መመረቁ ነው፣ የቤቱ ጣሪያ መመታቱ ነው፣ የሴት ልጅ ሠርግ ነው። ከዚያ በኋላም «አንድ ዓመት ብቻ ልጨምር» አለ። አልፈርድም፤ እኔ ራሴ የተማርኩት በዚያ «አንድ ዓመት ብቻ» ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ ሰውነት የሚባለው ነገር ሳይቆጠር ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች በአማካይ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱን በደህና ጤንነት እንደሚያሳልፉም ይገምታል። በፈረንጆች 2019 ለኢትዮጵያ ያወጣው ግምት ጠቅላላ ዕድሜን ወደ 68፣ በጤና የሚኖረውን ደግሞ ወደ 60 ዓመት ያደርሰዋል። 60! የጡረታ ደብዳቤው የሚመጣበት ዓመት ማለት ነው። እዚህ ላይ እንዳትደነግጡ። ይህ ቁጥር በሕፃንነታቸው የሚሞቱትንም ያካተተ አማካይ ስለሆነ፣ 57 የደረሰ ሰው ሦስት ዓመት ብቻ ቀረው ማለት አይደለም። ሰማንያ አልፈው ዳሞታን ሽቅብ የሚወጡ አባቶች አይቻለሁ። ቁጥሩ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ለ«ከጡረታ በኋላ» ያስቀመጥነውን ነገር ሁሉ የምንሠራው ጉልበት፣ ዓይንና ልብ ማጉረምረም በሚጀምሩበት ጊዜ ነው።

ክፍሌ ውስጥ ይህንን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ላሊበላን ለማየት ሠላሳ ዓመት ያሰቡ አባት ጡረታ ወጡ፤ ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ አለ። ልጃቸው ጋ ውጭ አገር ለመሄድ ቪዛ ያገኙ እናት ስኳራቸው 380 ሆኖ መጡ። በሽታው የጡረታ ዕለት አልጀመረም። አስር ዓመት ቀድሞ ገብቶ ተደላድሎ ነበር፤ «ጊዜ ሳገኝ እታከማለሁ» ተብሎ ለጡረታ ተቀጥሮ ነበር እንጂ።

ለአባቴ የነገርኩትን ታሪክ ለእናንተም ልንገራችሁ። ጂን ሶቅራጥስ የምትባል እንግሊዛዊት የሒሳብ መምህርት አለች። በመርከብ መቅዘፍን የተማረችው በአርባዎቹ ዕድሜዋ መጨረሻ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባሏ ጋር ሥራቸውን ትተው ጀልባ ገዝተው በውቅያኖስ ላይ መዞር ጀመሩ። ባሏ በ2003 በካንሰር ሞተ። እሷ ብቻዋን ቀጠለች፤ በ2019 በ77 ዓመቷ፣ የትም ሳትቆም ብቻዋን ዓለምን ዞራ ጨረሰች። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው 77ቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከባሏ ጋር ያገኟቸው እነዚያ ጥቂት ዓመታት ናቸው። «ትንሽ እንጠብቅ» ቢሉ ኖሮ እሱ ጀልባዋን የሚያውቃት በወሬ ብቻ ይሆን ነበር።

አባቴ ታሪኩን ሰምቶ «እንግዲያውስ ነገ ልልቀቅ!» አለ። ቀስ በል አባዬ፤ መጀመሪያ እንመርመር።

ከሁሉ በፊት ያየሁት ሚዛኑን ነው፤ ምክንያቱም ጀልባ ላይ ሰው የሚጎዳው ሲሳፈርና ሲወርድ ነው። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት። ግድግዳ አጠገብ ቁሙ፣ የሚደግፋችሁ ሰው ይኑር፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ ቁሙ። በ2022 የወጣ ብራዚል ውስጥ የተሠራ ጥናት ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 75 የሆኑ 1,700 ያህል ሰዎችን ተከታትሎ፣ ይህንን ማድረግ ያቃታቸው በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። እግሩ ገዳይ ሆኖ አይደለም፤ የጡንቻን፣ የነርቭን፣ የዓይንንና የጆሮን ሁኔታ በአንዴ ስለሚያሳይ ነው። አባቴ በቀኝ እግሩ ቆመ፣ በግራው ስድስት ላይ ተንገዳገደ። አሁን ማታ ማታ ጥርሱን ሲፍቅ ይለማመዳል። ከበርጩማ እጅን ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥም ለጭን ጡንቻ ጥሩ ነው። ዓይኑንም አስመረመርን፤ የዓይን ሞራ ጀማምሮታል፤ ለጊዜው ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም።

ከዚያ ወደ ደም ግፊቱ መጣን። መድኃኒት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው፤ ውሃ የሚያሸና ክኒንም አለበት። ልክቼው 168/100 ሆነ። «ክኒኑን እየወሰድክ ነው?» «እወስዳለሁ።» «በየቀኑ?» ዝም። እናቴ ከጓዳ መለሰችልኝ፦ «መንገድ ባለበት ቀን አይውጥም!»

ውድ ቤተሰቦች፣ ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህች አንቀጽ ስል ነው ማለት ይቻላል። ሽንት የሚያሸና ክኒን ከወሰዱ በኋላ ሚኒባስ ላይ ሦስት ሰዓት መቀመጥ፣ ወይም መጸዳጃ በሌለው ጀልባ ላይ መዋል ያስፈራል። ሾፌሩን «አቁምልኝ» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ ብዙ አባቶችና እናቶች ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለጊፋታ ሲሄዱ ክኒኑን ይዘሉታል፤ ለሐኪምም አይናገሩም። ሐኪሙ ግፊቱ አልወርድ ሲለው ሌላ መድኃኒት ይጨምራል። ጡረታ ወጥቶ ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይዘላል ማለት ነው። ግፊት ሳይታወቅ ነው የሚጎዳው፤ ጊዲቾ ላይ ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቡት። መፍትሔው ቀላል ነው። ለሐኪማችሁ እውነቱን ንገሩት። የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል፤ ሽንት ወደማያበዛ መድኃኒት መቀየርም ይቻላል። የአባቴን የሚከታተለው ሐኪም ቀየረለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ 136/84 ሆነ።

ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ ቆላው ሞቃት ነው፤ ፍሪጅ በሌለበት ውሃ በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ስር ማስቀመጥ ይረዳል። ሳይበሉ ቆይተው ላብ ላብ ካላችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ ወይም ነገር ከተምታታባችሁ ስኳራችሁ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪሳችሁ አይጥፋ።

ሶዶ ላይ የኖረ ሰው አባያ ዳር ወይም ብላቴ በረሃ ሲወርድ ወባ እንደ አካባቢው ነዋሪ አታዝንለትም። አጎበር ይዛችሁ ውረዱ፤ ትኩሳት ከተሰማችሁ ወደ ቤት እስክትመለሱ አትጠብቁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ። እግራችሁን ውሃው ውስጥ ነክራችሁ የምትጫወቱ ደግሞ ቢልሃርዝያ እንዳለ እወቁ፤ ሰገራ ተመርምሮ በክኒን ይድናል። አዞውንና ጉማሬውን ጀልባ ነጂዎቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እነሱ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል ካሏችሁ ተከራክራችሁ አትግቡ። ዋና ብትችሉም ላይፍ ጃኬት ልበሱ።

የቀረው የራሱ የሥራው ጉዳይ ነበር። ጡረታ ለአንዳንዱ ዕረፍት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ማጣት ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንቅልፍ አጥተው፣ መጠጥ አብዝተው ወይም ዝም ዝም ብለው በልጆቻቸው የሚመጡልኝ አባቶች ጥቂት አይደሉም። ወላጆቻችሁ በቅርቡ ጡረታ የወጡ ልጆች ይህንን ልብ በሉት። አባቴ ማስተማር ይወዳል። የሰለቸው ስብሰባና ወረቀት ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ሆነ፤ 60ን አትጠብቅ፣ ነገም አትልቀቅ። መምህር ስለሆንክ የጥር ዕረፍትም የክረምት ዕረፍትም አለህ። ጀልባ ከመግዛትህ በፊት ተከራይ። ሁለት ዕረፍት ውሃው ላይ አሳልፍ፤ ክኒንህን ሳትዘል፣ ወገብህ ችሎ፣ ጓደኛህም ሳትጣሉ ከቆየ፣ ታናሽ ወንድሜ በሚመረቅበት ዓመት በ58 ውጣ። ሁለቱን ዓመት ለወረቀቱ ስትል አትስጥ።

እናቴ ቡናውን እየቀዳች ስትሰማን ነበር። ዕድሜ ልኳን ደመወዝ በልታ አታውቅም፤ 60 ሲሞላትም የሚደርሳት ደብዳቤ የለም። ጉልበቷን የምታመው ከአባቴ ይልቅ እሷ ናት። «የእኔስ ጡረታ መቼ ነው?» አለች፤ እየሳቀች ነው ያለችው፤ አባቴ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ክፍሌ ይዤያት ሄጄ ግፊቷን፣ ስኳሯን፣ ጉልበቷን አየሁ። ስኳሯ ድንበሩ ላይ ነው፤ በአመጋገብና በእግር ጉዞ እየሞከርን ነው።

ለጥር ጀልባው ተይዟል። ላይፍ ጃኬቶቹን እኔ ነኝ የገዛሁት፤ ሦስት ናቸው።