የቀዘቀዘ እጅ ሥራ አይሠራም

በሐምሌና በነሐሴ ወራት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ብላችሁ በኮምፒዩተር የሚጽፉትን ሴቶች እጅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? አንዷ ጣቶቿን በትንፋሿ ታሞቃለች። ሌላዋ እጆቿን በብብቷ ሥር ትሸጉጣለች። ሦስተኛዋም የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጇ ታቅፋ ትቀመጣለች። «ምን ሆንሽ?» ብትባል መልሷ አጭር ነው፤ «ምንም፣ ብርድ ነው» ትላለች።

እኔም ከእነዚሁ ሴቶች አንዷ ነኝ። መተዳደሪያዬ መጻፍ ስለሆነ እጄ ከኪቦርድ የሚለይበት ሰዓት ጥቂት ነው። ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱ «እጄ ቀዘቀዘ» ማለት እንደ ቅምጥልነት ሲቆጠር ስሰማ ይከነክነኛል። አናጢ መጋዙ ቢዶለዱም «ሳለው» ይባላል እንጂ አይሳቅበትም። ለጸሐፊዋ ደግሞ መሣሪያዋ እጇ ነው።

ለመሆኑ እጅ ለምን ይቀዘቅዛል? ሰውነታችን የውስጥ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ጠብቆ መኖር አለበት። በመሆኑም ብርድ ሲሰማው ልብንና ሳንባን የመሳሰሉትን ክፍሎች ለማሞቅ ሲል ወደ ቆዳና ወደ ጣት የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ከዚህም ሌላ ጣቶቻችንን ከሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ብዙዎቹ የሚገኙት በክንዳችን ላይ ነው፤ ጣትን የሚስቡት በጅማት አማካይነት ነው። ስለሆነም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን አራቁቶ፣ ሳይነሳ ለረጅም ሰዓት የሚጽፍ ሰው ጣቱ ቢደነዝዝ የሚያስገርም አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያብሱ ሁኔታዎች አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶቿ ማሞቂያ የላቸውም። አማርኛ መጻፍም ለጣት ቀላል አይደለም። በብዙዎቹ የአጻጻፍ ዘዴዎች «ሰላም» የምትለውን ባለ ሦስት ፊደል ቃል ለመጻፍ አምስት ጊዜ ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን የብዙዋ ሴት እጅ የሚቀዘቅዘው ቢሮ ከመግባቷ በፊት ነው። ማለዳ ተነስታ በቀዝቃዛ ውኃ ዕቃ ታጥባለች፣ የልጆቿን ልብስ ታለቀልቃለች፤ ከዚያም በዝናብ ታክሲ ስትጠብቅ ቆይታ ከጠረጴዛዋ ትደርሳለች። ስለዚህ የእጅ ብርድ የቢሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤት ውስጥ የሥራ ክፍፍል ጉዳይም ነው። ባሎችና ያደጉ ልጆች የማለዳውን ዕቃ አጠባ ቢጋሩ ለእናቲቱ እጅ ትልቅ እረፍት ይሆናል።

«ይህ ሁሉ የሴቶች ስሞታ ነው» ለሚሉ ኃላፊዎች ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በአንድ የመድን ድርጅት ጽሕፈት ቤት ባካሄደው ጥናት፣ የክፍሉ ሙቀት ከ20 ወደ 25 ዲግሪ ከፍ ሲል የጸሐፊዎቹ ስሕተት በ44 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች፣ የቢሮ ሙቀት መለኪያ ደንቦች የተመሠረቱት በአንድ 70 ኪሎ በሚመዝን የ40 ዓመት ወንድ ሰውነት ላይ መሆኑንና ይህም የሴቶችን ሰውነት በሚገባ እንደማይወክል አሳይተዋል። ስለዚህ ለአለቃው የተመቸው ክፍል ለጸሐፊዋም ተመችቷል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ደረጃ መሞቅ ያለበት ከእጅ በፊት ሰውነት ነው። የውስጥ ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲና በትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ነጠላ ለጣት የሚሰጡት ጥቅም ከጓንት አያንስም፤ ምክንያቱም ሰውነት ሲሞቅ ደሙን ወደ ጣት ይለቀዋል። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስታችሁ ጥቂት ተራመዱ፤ ትከሻችሁንና ክንዳችሁን አወዛውዙ። ጠረጴዛው ብረት ወይም መስታወት ከሆነ ሙቀት ስለሚስብ ከክንዳችሁ ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፉበት።

ሦስተኛው ያለ ምንም ወጪ በቤት የሚሠራ የእጅ አንጓ ማሞቂያ ነው። ከአሮጌ ሹራብ እጅጌ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። የተቆረጠው ወገን እንዳይተረተር በመርፌ ዘምዝሙት። ከዚያም ከእጅጌው ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ፣ አውራ ጣት የምታልፍበት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፌት ፍቱ፤ የተፈታውንም ዳርና ዳር አጠንክሩት። ስታጠልቁት መዳፍን፣ አንጓንና የክንድን ከፊል ሸፍኖ ጣቶችን ለሥራ ነጻ ይተዋል። ነገር ግን ጠበቅ ያለ ከሆነ የደም ዝውውርን ስለሚያውክ ላላ ያለውን ምረጡ።

መደረግ የሌለበትም አለ። የደነዘዘ እጅ የሙቀቱን መጠን በቅጡ ስለማይለይ በፈላ ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ከማሞቂያ ላይ መደገን ቃጠሎ ያስከትላል፤ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። በቤታቸው የሚሠሩ እኅቶች ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር የከሰል ምድጃን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በተቀመጠበት ይገድላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ለብዙ ዓመታት በጽሕፈት ሥራ የቆየች የማውቃት እኅት ሌሊት ሌሊት ጣቶቿ እየደነዘዙ ያነቋት ነበር። እርሷም «ብርድ ነው» እያለች ጓንት አድርጋ ትተኛ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የሕፃን ልጇን ሸሚዝ መቆለፍ ሲያቅታት ሐኪም ዘንድ ሄደች። ችግሩ ብርድ አልነበረም፤ በእጅ አንጓ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ኖሯል። ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች፣ በተለይም በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። ምልክቱ በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሐል ጣት ላይ የሚሰማ መደንዘዝና መውጋት ነው። አንጓው ታጥፎ ሲቆይ ግፊቱ ስለሚጨምር፣ በምትጽፉበት ጊዜ አንጓችሁ ከክንዳችሁ ጋር ቀጥ ያለ እንዲሆን ወንበራችሁን አስተካክሉ።

ጣቶቻቸው በብርድ ጊዜ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ቀይ የሚሆኑ ሰዎችም አሉ። ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1862 የገለጸው ሞሪስ ሬይኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱም በሴቶች ላይ ይበረታል። ዘወትር የሚቀዘቅዝ እጅ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ምልክት ሊሆንም ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሹራብ ለብሳችሁም በሞቃት ቀን እንኳ የማይለቃችሁ ቅዝቃዜ ወይም መደንዘዝ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። የተሰበረ መስኮት ማስጠገን፣ የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ንፋስ ከሚገባበት በር ማራቅ፣ በየመካከሉ አምስት ደቂቃ እረፍት መፍቀድ ብዙ በጀት አይጠይቅም። እናንተም እኅቶች፣ ነገ ጠዋት «ምንም፣ ብርድ ነው» ማለቱን ትታችሁ «መስኮቱ ይሠራልኝ» በሉ። ማፈር አይገባም፤ የምትጠይቁት ለእንጀራችሁ መሣሪያ ነው።