አጥንቱ ጠፋ፣ ጽሑፉ ቀረ



እኛ ከጎንደር መጥተን መርካዝ ክሊታ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። በቅርቡ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃችን ሁለት የቤት ሥራ ይዞ መጣ። አንዱ ስለ አንድ ዳይኖሰር እንዲጽፍ፣ ሌላው «ሾራሺም» የሚሉትን የቤተሰብ የዘር ሐረግ እንዲያዘጋጅ ነው። ለዚህኛው የአያት ቅድመ አያት ፎቶግራፍ አምጣ ተብሏል። እኛ ዘንድ ግን አንድም የለም። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ እኛም የምንለው አጣን።

ስለዚህ በዳይኖሰሩ ጀመርን። ከአፍሪካ ይሁንልኝ ብሎ ኤጂፕቶሳውረስን መረጠ። አንገተ ረጅም፣ ቅጠል በል፣ ርዝመቱም ወደ 15 ሜትር የሚገመት እንስሳ ነው። ከ95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲኖር፣ ዛሬ በረሃ የሆነው የግብፅ ባሕሪያ ውሃና ዛፍ የሞላበት የባሕር ዳርቻ ነበር። ጀርመናዊው ኤርንስት ሽትሮመር በ1911 እ.ኤ.አ. ባሕሪያ ደርሶ ፍለጋ ጀመረ፤ በ1932ም ለእንስሳው ስም አወጣለት። የተገኘው ግን የእግር አጥንቶች፣ ጥቂት አከርካሪና የትከሻ አጥንት ብቻ ነበር።

እሱም አልበረከተም። በሚያዝያ 1944 ሙኒክ በአውሮፕላን ስትደበደብ አጥንቶቹ ያሉበት ሙዚየም ተቃጠለ። ሆኖም ሽትሮመር አጥንቶቹን ለክቶ፣ መልካቸውን ጽፎ አሳትሞ ነበርና እንስሳው ከነስሙ አልጠፋም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የእሱን ፈለግ ተከትለው ወደ ባሕሪያ ሄዱ። ሌላ አንገተ ረጅም ዳይኖሰር አግኝተውም በ2001 ፓራሊቲታን ስትሮመሪ ብለው በእሱ ስም ሰየሙት። የአንዱ የላይኛ ክንድ አጥንት ብቻ 1.69 ሜትር ነው።

ይህን ስናነብ ልጁ ብድግ ብሎ ደብተሩን ይዞ አያቱ ዘንድ ሄደ።

«እማማ፣ አያትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል፣ ልጄ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ እስከ አምስት ትውልድ ስም ጠሩ። አባታቸው ማረሻ ይቀጠቅጡ፣ እናታቸው ሸክላ ይሠሩ እንደነበር ነገሩን። እኛ ልጆቻቸው እንኳ ይህን ሁሉ ሰምተን አናውቅም ነበር። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። «ይህ ጠፋብኝ፤ ዐምና ቢሆን አስታውሰው ነበር» አሉ። በዚያ ቦታ ባዶ መስመር ተውን።

ልጁ በፎቶግራፍ ፈንታ ያንን ገጽ ይዞ ሄደ።

ወላጆች ሆይ፣ ፎቶግራፍ የለንም ብለን አንፈር። ሽማግሌዎቻችን አሁንም አጠገባችን ናቸው። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ጠይቋቸው።