ማዳም የሌለችበት ገበታ

ሊባኖስ ሲባል ብዙዎቻችን ቤት ቀድሞ ትዝ የሚለው ምግብ አይደለም። ቀድሞ የሚመጣው ፎቶ ነው፤ ብፌ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከጀርባው ባሕር ያለው፣ የአክስት ወይም የእህት ፎቶ። ቀጥሎ የሚላከው ብር፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ወሬ። ምግቡ ተራ አይደርሰውም። ዛሬ ግን ተራው የምግቡ ነው፤ ምራቃችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ተከተሉን።

እኛ ማለት ሁለት እህትማማቾች ነን። ሁለታችንም ጋዜጠኝነት ተመርቀን «የሥራ ልምድሽ ስንት ዓመት ነው?» በሚል ጥያቄ የተንገላታን። ለአንዳችን ቤሩት ላይ የአሥር ቀን ሥልጠና ሲደርሳት ሌላችን ያጠራቀመችውን ይዛ ተከተለች። እዚያ አክስት አለችን። 17 ዓመት ኖራለች። የተማርነው በእሷ ላብ ነው ብንል ማጋነን አይደለም፤ እናታችንም ይህንን በየበዓሉ ታስታውሰናለች።

አክስታችን የምትኖረው ቡርጅ ሐሙድ ነው። ከቤሩት ወንዝ ማዶ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ከራስ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈበት ሰፈር። እሑድ እሑድ አማርኛ እየሰማችሁ ትሄዳላችሁ። የሱቆቹ ጽሑፍ ግን ዐረብኛ ብቻ አይደለም፤ ከእኛው ፊደል ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ። የአርመን ፊደል ነው። ከ1915ቱ ጭፍጨፋ የተረፉ አርመኖች ቤሩት ሲደርሱ መጀመሪያ ወደቡ አጠገብ ካራንቲና በሚባለው ቦታ ድንኳን ውስጥ ነበር የኖሩት። በኋላ ወንዙን ተሻግረው ረግረጉን እያደረቁ ቤት ሠሩ። ሰፈሮቹንም ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ አሏቸው። «ኖር» ማለት አዲስ ማለት ነው። ማራሽ፣ አዳናና ሲስ ደግሞ ጥለዋቸው የመጡ ከተሞች ናቸው። ሰው አገሩን ሲያጣ ስሙን ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ስሙንና ወጡን።

የመጀመሪያው አርብ አክስታችን ሥራ ስትሄድ እኛ ለሁለት ወጣን። አርብ ነው፣ ጾመኞች ነን፣ ርቦናል። ጥግ ላይ አንድ ፉርን አገኘን። ፉርን ማለት ዳቦ መጋገሪያ ነው፤ የእኛው ፉርኖ ዘመድ። ሰውየው ሊጡን ዘርግቶ ጥቁር አረንጓዴ ነገር በዘይት ለውሶ ቀባበትና ምድጃ ውስጥ ወረወረው። ዛዕታር ይባላል፤ የጦስኝ ዘመድ የሆነ ቅጠል፣ ሰሊጥና ሱማቅ የሚባል ኮምጣጣ ቀይ ፍሬ በወይራ ዘይት። ቂጣው መንኡሼ ነው። በ2023 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ድሮ እናቶች ዛዕታሩን ቤታቸው አዘጋጅተው ወደ ፉርኑ ይልኩት ነበር አሉ፤ እኛ እህል ወፍጮ ቤት እንደምንልከው።

ምሳ ደግሞ ከፉርኑ ጀርባ። አራት ጠረጴዛ ያለው ቤት ነው። ሚስት ወጥ ቤት፣ ባል ሒሳብ ላይ፣ ልጅ አስተናጋጅ። ሜኑ የለም፤ ዛሬ ድስቱ ውስጥ ያለውን ትበላላችሁ። ልጁ መጥቶ «ሲያሚ?» አለን። አስተርጓሚ አላስፈለገንም፤ ጾምን በየትኛውም ቅላፄ እናውቀዋለን። ራሳችንን ነቀነቅን። ሙጀደራ መጣ፤ ምስርና ሩዝ አብሮ የበሰለ፣ ከላዩ ሊያር ጥቂት እስኪቀረው የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ከጎኑ የጥቅል ጎመን ሰላጣ። ምስር ስንበላ ያደግን ሰዎች ነን፤ ምስር እንዲህ ሲጣፍጥ ግን አላየንም። በርበሬ ሳይነካው! ለክርስቲያኖቹ ጾም ማለት በዘይት መሥራት ነው። ለስቅለት ደግሞ ሥጋ የሌለው ኪቤ ይሠራሉ፤ ስሙም «ያዘነችው ኪቤ» ነው። ለምግብ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ሩቅ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ሒሳቡን ስንከፍል ባልየው በእንግሊዝኛና በእጁ ምልክት አጫወተን። እስከ 2019 አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ገደማ ነበር፤ በ2023 ወደ 90 ሺህ ደረሰ። ባንኮች የሰውን ቁጠባ ያዙት። በ2020 (ኦገስት 4) ወደቡ ሲፈነዳ መስኮታቸው ሁሉ ረገፈ። ታዲያ እንዴት አልተዘጋችሁም አልነው። ወደ ሚስቱ፣ ወደ ልጁ፣ ወደ ራሱ ጠቆመ፤ ደመወዝ የሚጠይቅ የለም ማለቱ ነው። የቤተሰብ ምግብ ቤት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ማታ አክስታችን ስትመጣ እየተሻማን ነገርናት። «ሙጀደራ በላን!» ሳቀች።

«በየአርቡ የምሠራው እኮ ነው» አለች። ከዚያ አሠራሩን አስተማረችን፤ ሽንኩርቱ መቼ እንደሚወጣ፣ ምስሩ እንዳይፈርስ ምን እንደሚደረግ። ታቡሌ ሲሠራ ፐርስሊው በስለት እንጂ በማሽን አይከተፍም፣ ውኃ ያወጣል። ቡርጉሉ፣ ማለትም የእኛ ቅንጬ ዘመድ፣ ትንሽ ብቻ ነው። ኪቤ ናዬ ቅቤ የሌለው ክትፎ ነው፣ ሥጋው የዚያኑ ቀን መታረድ አለበት። አንዲት አክስት ሳይሆን አንድ የምግብ ማሠልጠኛ ፊታችን የተቀመጠ መሰለን። በመጨረሻ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረገች።

«ቁጭ ብዬ ግን በልቼው አላውቅም።»

እንዴት ማለት? አልናት። እንዲህ ማለት ነው፦ መጀመሪያ በገባችበት ቤት ስድስት ዓመት ስትሠራ ማዳምና ቤተሰቧ ይበላሉ፣ እሷ ታቀርባለች፣ ታነሣለች፣ ከዚያ የተረፈውን ወጥ ቤት ቆማ ትበላለች። በኋላ ከዚያ ቤት ወጥታ በሰዓት መሥራት ስትጀምር ደግሞ ቤቷ ሽሮ ሠርታ ትበላለች። በሯ ላይ ያለውን የአርመን ምግብ ቤት ዓመታት ሙሉ አልፋዋለች። ሽታውን ታውቀዋለች። ገብታ አታውቅም። «እኛ እኮ እዚያ አንገባም» አለች። ማንም ከልክሏት አይደለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ይዘናት ገባን። እውነቱን ለመናገር ጎትተን አስገባናት።

ይሄኛው ቤት ደግሞ የሦስት ትውልድ ነው። አያት ጥግ ላይ ተቀምጠው ማንቲ ይጠቀልላሉ፣ ሴት ልጃቸው ታበስላለች፣ የልጅ ልጅ ያቀርባል። ማንቲ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ሊጥ ነው። መካከሉ የተፈጨ ሥጋ ይደረግና ሁለት ጫፉ ተቆንጥጦ ትንሽ ጀልባ ይመስላል። በምድጃ ይጠበሳል፣ ከዚያ በነጭ ሽንኩርት የተመታ እርጎና ሱማቅ ይፈስበታል። ለአንድ ሳህን ስንት ጊዜ እንደሚቆነጠጥ አስቡት! ላሕማጁን ቀጠለ፤ ስስ ቂጣ ላይ የተቀባ ሥጋና ቲማቲም፣ ሎሚ ተጨምቆበት ተጠቅልሎ የሚበላ። ባስቱርማ ሲመጣ ግን ሁለታችንም በአንድ አፍ ጮኽን፦ «አብሽ!» ባስቱርማ የቋንጣ ዘመድ ነው። ሥጋው ጨው በልቶ ይደርቅና በአብሽ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቀይ በርበሬ ሊጥ ይለበጣል። በሰው አገር የእናታችን ጓዳ ሸተተን።

አያትየዋ ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። ከየት ናችሁ አሉ፣ አክስታችን አስተረጎመች። እኛም ዕድሉን አላሳለፍንም፤ ጋዜጠኞች አይደለን? የአርባ ልጆችን ታሪክ ነገርናቸው። ራስ ተፈሪ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከአርመን ገዳም ወላጅ አልባ ልጆች ነፋሽ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው 40ውን ወደ አዲስ አበባ እንዳስመጧቸው፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደ ደረሱ። አያትየዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ከዚያ ሳንጠይቅ አንድ ሳህን ማንቲ ተጨመረ። ታሪክ ማወቅ ጥቅም የለውም ያለ ማነው?

በልተን ስንጨርስ አክስታችን ተነሣች። መታጠቢያ ቤት ልትሄድ መስሎን ነበር። ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረች። ትልቁን ከታች፣ ሹካዎቹን በአንድ በኩል፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ። ማንም አላዘዛትም። እጇ ነው የተነሣው።

አያትየዋ ሳህኖቹን ከእጇ ቀስ ብለው ወሰዱ። «ኡዕዲ፣ ሀቢብቲ» አሉ። ቁጭ በይ፣ የኔ ውድ ማለት ነው። አክስታችን ቆማ ቀረች። ሁለተኛ አሏት። ተቀመጠች። አያትየዋ ራሳቸው ሳህኑን አንሥተው ሄዱ። አክስታችን ባዶውን ጠረጴዛ እያየች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እጇን የት እንደምታስቀምጠው የጠፋት ትመስል ነበር። እኛም ዝም አልን፤ ለአንድ ጊዜ የምንጠይቀው ጥያቄ አልነበረንም።

ነገሩን ልናሳምረው አንፈልግም። አንድ ደግ አሮጊት አንድ አገር ሙሉ አያስተካክሉም። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጪ አድርጓቸዋል። ከፋላ የሚባለው አሠራር ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራታል። በ2020 ኑሮው ሲከፋ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያንን በመኪና አምጥተው ቆንስላችን በር ላይ እየጣሏቸው መሄዳቸውን ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ይህ ሁሉ በአንድ ሳህን ማንቲ አይካካስም።

ግን እናንተዬ፣ «አዲስ ምግብ አገኘን» ብለን ፎቶ ልንለጥፍ የተሰናዳን ሰዎች ነበርን። ያገኘነው ምግብ እኮ በየመንደራችን ባለሙያ አለው። ታቡሌ መክተፍ፣ ኪቤ መድቦልቦል፣ የወይን ቅጠል መጠቅለል የሚችል እጅ ያላቸው ሴቶች ሻንጣቸውን ይዘው ተመልሰው ጎረቤታችን ተቀምጠዋል። ያ ሙያ በየትኛውም ሲቪ ላይ አልተጻፈም። «አረብ አገር ነበረች» ተብሎ ታለፈ። የአርመኖቹ አያቶች ከማራሽ ይዘውት የወጡት ሙያ ሰፈር ሠራ፣ ምግብ ቤት ከፈተ፣ የልጅ ልጅ አበላ። የአክስቶቻችንስ ሙያ?

ከቤሩት ከመመለሳችን በፊት አክስታችን አንድ ነገር አማከረችን። ስትመለስ ሰፈራችን ውስጥ አራት ጠረጴዛ ያለው ቤት መክፈት ታስባለች። አርብና ረቡዕ ሙጀደራ፣ ሌላ ቀን ታቡሌና ኪቤ፤ ማንቲውን አያትየዋ ሊያስተምሯት ቃል ገብተዋል። ስም ገና አላገኘንለትም፣ ሐሳብ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

እስከዚያው የእናንተም አክስት ለበዓል ስትመጣ ምን አመጣሽልን ማለቱን ለአንድ ቀን ተዉት። እዚያ የምትሠሪውን ሥሪልን በሏት፣ ቁጭ ብላ አብራችሁ ትብላ። ሳህኑን ግን እናንተ አንሡ።