ስለ ጥቁሩ አፈርና ስለምትታጠፈው ኳስ

ክሪኬት የሚባለው ጨዋታ በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ ስለሆነ፣ ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ጨዋታው ምን እንደሆነ መግለጽ ይገባዋል። ነገር ግን ሕጉን ሁሉ ብዘረዝር ለሌሎቹ ጸሐፊዎች ቦታ አይተርፍምና ለጉዳዬ የሚያስፈልገውን ብቻ እናገራለሁ። በ20 ሜትር ያህል ርቀት፣ ቁመታቸው 71 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ሦስት እንጨቶች ፊት ለፊት ይተከላሉ። አንዱ ተጫዋች ከወዲያ ሆኖ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው ዱላ ይዞ ከእንጨቶቹ ፊት በመቆም ይከላከላል፣ ሲመቸውም አርቆ ይመታል። ኳሷ እንጨቱን መታ ከጣለች መቺው ይወጣል። የገና ጨዋታን የሚያውቅ ሰው የዱላና የሩር ነገር አይጠፋውም፤ ልዩነቱ የክሪኬት መቺ የሰው ንብረት የሚጠብቅ ዘበኛ መምሰሉ ነው።

ወርዋሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሮጠው መጥተው ኳሷን በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ በሚደርስ ፍጥነት ይለቋታል። ይህ ቁመትና ጉልበት ስለሚጠይቅ ለእኔ ብጤ አልታደለም። ሌሎቹ ግን ጥቂት እርምጃ ተራምደው ኳሷን በጣታቸውና በእጃቸው አንጓ አሽከርክረው ይልኳታል። ኳሷም መሬት በነካች ጊዜ የመጣችበትን መንገድ ትታ ወደ ጎን ትታጠፋለች። ከእነዚህም ውስጥ ከቀኝ እጅ አንጓ ተሽከርክራ፣ ከወርዋሪው በኩል ሲታይ ከቀኝ ወደ ግራ የምትታጠፈው ሌግ ስፒን ትባላለች። ለመማር ከሁሉ የምትከብደው እርሷ ናት ይላሉ። እኔም ከዓመት ከመንፈቅ በላይ ስለታገልኳት አልጠራጠርም።

አያያዙ እንዲህ ነው። አመልካች ጣትና የመሃል ጣት በኳሷ ስፌት ላይ ይጋደማሉ፤ የቀለበት ጣት ታጥፎ ስፌቱን ከጎን ይደግፋል፤ አውራ ጣት ለይስሙላ ያህል ይነካታል። አብዛኛውን የማሽከርከር ሥራ የሚሠራው በሌላ ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ የሚውለው የቀለበት ጣት ነው። ክንድ በትከሻ ላይ ይዞራል እንጂ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ክርንን አጥፎ መዘርጋት በሕግ ክልክል ስለሆነ፣ ሽክርክሪቱ በሙሉ ከአንጓና ከጣት መምጣት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኳሷ ከእጄ ስትወጣ እንደ ድንች ዝም ብላ ትሄድ ነበር። የቴኒስ ኳስ ገዝቼ በወገቧ ዙሪያ ቀይ ናስትሮ ጠመጠምኩባት፤ ከዚያ ወዲህ መዞርና አለመዞሯን በዓይኔ ለማየት ቻልኩ። ናስትሮው ቀጥ ያለ ቀይ መስመር መስሎ ከታየ ሽክርክሪቱ መልካም ነው፤ ከተወላገደ አንጓው ሰንፏል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የጠቀሙኝ አያቴ ናቸው። ክሪኬት የሚባል ስም ሰምተው አያውቁም። አንድ ቀን በጀሞ ኮንዶሚኒየም ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ፣ እኔ አጠገባቸው ኳሷን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው ሳሾር ለብዙ ጊዜ ተመለከቱኝና፣ «የኔ ልጅ፣ እንዝርትን ጣት ብቻ አያሾረውም፤ አንጓህን አላላው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው ቆረጥ የሚደረገው» አሉኝ። የእጃቸውን እንቅስቃሴ ቀርቤ ሳየው ነገሩ ተገለጠልኝ። በስልክ ላይ ካየኋቸው አስተማሪዎች ሁሉ ይህን ያህል ግልጥ አድርጎ የነገረኝ የለም።

ኳሷ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምትታጠፍ ከሆነ ግን መቺው ቶሎ ይለምዳታል። ይህን የፈታው ቦሳንኬት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1897 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በኦክስፎርድ ሳለ፣ ከጓደኞቹ ጋር በጠረጴዛ ላይ የቴኒስ ኳስ እያነጠረ፣ ከማዶ የተቀመጠው ሰው እንዳይቀልባት የማድረግ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ከዚያ ቀልድ ተነሥቶ፣ የእጁ አወራወር ያው ሲመስል በተቃራኒው የምትታጠፍ ኳስ አገኘ፤ ስሟም ጉግሊ ተባለ። በ1900 በለንደኑ የሎርድስ ሜዳ በዚህች ኳስ አንድ መቺ ሲያስወጣ ኳሷ መሬት ላይ አራት ጊዜ ነጥራ እንደነበር ይነገራል፤ ሰውየውም 98 ነጥብ አግኝቶ ለ100 ሁለት ብቻ ቀርቶት ነበር። መምህራኖቻችን ይህን እንዳያነቡብኝ እንጂ የሥራ ፈት ተማሪ ጨዋታም አንዳንድ ጊዜ ፍሬ አለው።

የኔ ጉግሊ ገና ልጅ ናት፤ ከአሥር ሁለቷ ብትታጠፍ ነው። ዋናይቱን ኳስ ግን በየማለዳው ከትምህርት በፊት 60 ጊዜ እወረውራለሁ። በ10 ሜትር ጀመርኩ፤ ከገና በኋላ ወደ 15፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ 20 ሜትር ተሻገርኩ። ኳሷ እንድታርፍበት በምፈልገው ቦታ ላይ አሮጌ የደብተር ሽፋን አነጥፋለሁ። ማጠፍ ብቻ ሳይሆን ማሳረፍም ስላለ፣ ሽፋኑን የነኩትን እየቆጠርኩ በየሳምንቱ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። በሰፈራችን በጀሞና በለቡ አካባቢ የሚኖር ሰው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለውን ጥቁር አፈር ያውቀዋል፤ ሳይወድም ያውቀዋል። በክረምት በጫማ ላይ ተለጥፎ እግርን እንደ በርሜል ያከብዳል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቅና ሳንቲም የጣለ ሰው አያገኛትም። ሲያብጥና ሲኮማተር አጥር ያዘማል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ታዲያ ይኸው የምንረግመው አፈር ለክሪኬት የሚፈለግ አፈር መሆኑን ሳነብ በጣም ደነቀኝ። ጥቁር ሸክላ አፈር ውኃ ጠጥቶ፣ በከባድ ጥቅልል ብረት ተዳምጦ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ኳስም ያነጥራል። ቀናት አልፈው መሰንጠቅ ሲጀምር ደግሞ የምትሽከረከር ኳስ ትነክሰውና ትታጠፋለች። በሕንድ ብዙዎቹ ሜዳዎች በጥቁር አፈር የተሠሩ ናቸው። በአውስትራሊያም የሜልበርን መጫወቻዎች በሜሪ ክሪክ ጅረት ዳር በተቆፈረ ጥቁር ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል። ያም እንደኛው ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ አፈር ነው።

አፈሩ ለእኛ ከሌላው አገር ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። የምትሽከረከር ኳስ መሬት ከመንካቷም በፊት በአየር ላይ ጥቂት ትንሸራተታለች። ዙሪያዋን ያለውን አየር ይዛ ስለምትዞር አየሩ ወደ ጎን ይገፋታል። ጀርመናዊው ሊቅ ማግነስ በ1850ዎቹ የመረመረው ነገር ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሚገፋውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአየር ላይ የምናጣውን ከመሬት መካስ አለብን።

በዚህ አሳብ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባለፈው ኅዳር ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ሥራ ጀመርን። ኳስ የምታርፈው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ 20ውን ሜትር ሁሉ ማዘጋጀት አላስፈለገንም፤ 5 ሜትር በ2 ሜትር በቃን። ጓሉን አድቅቀን፣ ውኃ አጠጥተን፣ በአሸዋ የተሞላ በርሜል ለሦስት ሳምንት አንከባለልንበት። ጋሼ ዘበኛው ጎመን ልንተክል መስሏቸው ፍግ ሊያመጡልን ሁሉ አስበው ነበር። ዱላውን አንድ አናጺ ከዋንዛ ትርፍራፊ ቀረጸልን።

በየካቲት አንድ እሑድ ጠዋት፣ በአካባቢያችን ፋብሪካ የሚሠሩ ሕንዳዊ መሐንዲስ ሊመቱልኝ መጡ። በወጣትነታቸው በኮሌጅ የተጫወቱ ሰው ናቸው። በነገራችን ላይ፣ በንጉሡ ዘመን የአያቶቻችንን ትውልድ ካስተማሩት መምህራን ብዙዎቹ ሕንዶች ነበሩ፤ ሒሳባቸውና ፊዚክሳቸው ሲቀርልን ጨዋታቸው ግን ሥር አልሰደደም። መሐንዲሱ ጃኬታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ቆሙ። 36 ኳስ ወረወርኩላቸው። የመጀመሪያዎቹን አጥር አሻግረው መቷቸውና ጓደኞቼ ኳስ በመልቀም ላባቸው ጠብ አለ። ከ36ቱ 5ቱን ሳቷቸው፤ ከ5ቱም አንዷ በስንጥቁ ላይ አርፋ፣ ከእግራቸው ውጭ ታጥፋ የመጨረሻውን እንጨት ጣለች። ዘወር ብለው እንጨቱን ሳይሆን አፈሩን ተመለከቱ። ጎንበስ ብለውም በእጃቸው ዳሰሱት። «ይህን አፈር ማን አዘጋጀው?» ብለው ጠየቁኝና ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ኳስህን ትንሽ ከፍ አድርገህ ልቀቃት፤ ለመሬቱ ጊዜ ስጠው» አሉኝ። ስለ እኔ አወራወር ከዚህ ሌላ የተናገሩት የለም።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2003 በዓለም ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር። በዚያ ውድድር የካቲት ወር ላይ በናይሮቢ ሜዳ ኮሊንስ ኦቡያ የሚባል ወጣት ሌግ ስፒን ወርዋሪ፣ የ1996 የዓለም አሸናፊ ከነበረችው ከስሪላንካ 5 መቺዎችን 24 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አስወጣ፤ ኬንያም በ53 ነጥብ አሸነፈች። የሕንዱ ቻንድራሴካር ደግሞ በልጅነቱ ፖሊዮ ቀኝ እጁን አቅጥኖበት ነበር። በዚያው በቀጠነ እጅ በ1971 በለንደን 6 እንግሊዞችን አስወጥቶ፣ አገሩ በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያውን ድል እንድታገኝ አደረገ። ክንዴ ቀጭን ነው ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ነው።

ይሁን እንጂ የአሁኑ ጭንቀቴ ክንዴ አይደለም። በመጪው ክረምት ከክፍሎቹ ጀርባ ያለው ቦታ ኮብልስቶን እንደሚነጠፍበት ተነግሮናል። ጭቃው ለትናንሾቹ ተማሪዎች መከራ መሆኑን አልክድም፤ እኔም በዚያው ጭቃ አልፌ የመጣሁ ነኝ። የምንለምነው ከጠቅላላው ቦታ 10 ካሬ ሜትር በአጥሩ በኩል እንዲተውልን ነው። እኔ በሰኔ ከተፈተንኩ በኋላ ከትምህርት ቤቱ እሰናበታለሁ፤ ከእኔ በኋላ ግን አያያዙን የለመዱ አራት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አሉ። አንደኛዋ ጉግሊን ከእኔ ቀድማ ሳታውቀው ታደርጋታለች። እነርሱ የሚያርፉበት አፈር ከሌላቸው ኳሷ በድንጋዩ ላይ ወደፈለገችው ትነጥራለች እንጂ አትታጠፍም። ጉዳዩን ለመምህራንና ለወላጆች ኮሚቴ በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልሱ ገና አልመጣም።

እስከዚያው ድረስ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነን። ወርዋሪ ሞልቷል፤ የጎደለን መቺ ነው። ዱላው በጋሼ ዘበኛው ጎጆ ውስጥ ከበሩ ኋላ ተቀምጧል፤ ኳሷም ቀይ ናስትሮ ያላት ናት።