ባሕር ዳርን ያየሁ ለት

እኛ የወሎ ቦረና ልጆች ዓባይን የምናውቀው ከላይ ወደ ታች ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ሲወጡ ደጋው ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከሥሩ፣ በሙቀቱና በጭጋጉ መሀል፣ አንድ ቀጭን ነገር ይታያል። «እሱ ነው» ይሉናል ትልልቆቹ። ወባ ያለበት፣ አዞ ያለበት፣ ሰው የሚያስቀር። በገብስና በበግ ላደገ ልጅ ውሃ የሚሻገሩት እንጂ ምሳ የሚያወጡበት አልነበረም።

አጎቴ ለጉዳይ ባሕር ዳር ሲሄድ ያስከተለኝ በዚያ በልጅነቴ ነው። ዛሬ በመርጡለ ማርያም በኩል ዓባይን ተሻግሮ መድረስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ደሴ፣ ወልድያ፣ ከዚያ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ጋሸናን ቆርጦ ወረታ ነበር። የጋሸናን ብርድ እስካሁን ጉልበቴ ያስታውሰዋል።

ባሕር ዳር ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። እርጥብ ደንገል፣ ዓሣ፣ የማገዶ ጭስ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ድምፅ የለውም፤ ይኼ ነው ወይ እኛን ያስፈራን ብዬ አጎቴን አየሁት። «አዎ፣ ይኼ ሁሉ የኛን ገደል ሊቆርጥ ነው የሚሄደው» አለኝ።

ሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳዎች እንጨት ጭነው ይገባሉ። በሐይቁ ዳር ከሚኖሩት የወይጦ ሰዎች አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው ደንገል በእግራቸው ረግጠው እያጠበቁ ያስራሉ። አጎቴ «አባቴ፣ እንዴት ዋሉ?» ሲላቸው ቀና አሉ፤ ከወሎ መምጣታችንን ሲሰሙ ቦታ ለቀቁልን። ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ በየቀኑ ፀሐይ ላይ ካልዋለ ይከብዳል፣ ወራት ቢያገለግል ነው አሉኝ። እኔ ግን የፈለግሁት የጉማሬውን ነገር ነበር። አባቶቻቸው በዚህ በሣር ጀልባ ላይ ጦር ይዘው ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ሥጋው ለቤት፣ ቆዳው ለአለንጋና ለጋሻ። ጉማሬው ተመናመነ፣ አደኑም ቀረ። ሥጋውን በመብላታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ይጸየፋቸው እንደነበር የተናገሩት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ እሳቸው ራሳቸው እስላም ናቸው። የጥንት ቋንቋቸው እንኳ ጠፍቶ በአማርኛ ነው የሚያወጉት።

ሚስታቸው ፍም ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በቅጠል አቀረቡ። አጎቴ ትንሽ አመነታ። ሽማግሌው ገባቸው፦ «ብላ እንጂ! ዓሣ እንደሁ አይታረድ፣ ማን ባረከው የሚባል ነገር የለውም።» ለወሎ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ድግስ ሲኖር የእስላሙም የክርስቲያኑም በሬ ለየብቻ ነው የሚጣለው፤ እዚያ ግን ከአንድ ቅጠል ላይ በላን። ጨው ብቻ ነበረው። ከዚያ በኋላ በከተማ ምግብ ቤት የዓሣ ጉላሹንም ዱለቱንም ቀምሻለሁ፣ አይደርስበትም።

ያኔ ሞተር ጀልባ ገና አዲስ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከሆላንዷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ከኡርክ በመጣ እርዳታ ጀልባና የናይለን መረብ ገብቶ፣ ወጣቱ ወደ ሐይቁ መሀል መሄድ ጀምሮ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ዓሣ አጥማጅን ረዳ፣ ደግ ነው። ግን መረቡ ሲበዛ ዓሣው ሳሳ፤ ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጣው ነጩ ዓሣ ደግሞ ወንዝ አፍ ላይ በመረብ ይጠበቃል።

የጉማሬ አዳኞቹን ነገር ሳስብ ሌላ የአዳኞች አገር ትዝ ይለኛል፤ አሜሪካ ውስጥ ናንታኬት የምትባል ደሴት አለች፤ የዓለምን መብራት በዓሣ ነባሪ ዘይት ታበራ የነበረች። የመጨረሻው አዳኝ መርከብ በ1869 እ.ኤ.አ. ከወደቧ ወጣ፤ ዛሬ ያን ታሪክ ሊያይ የሚጎርፈው ጎብኚ ያኖራታል። የጣና ጉማሬ አዳኞች ልጆች ግን ከአባቶቻቸው ሙያ የወረሱት ንቀት መሆኑ ያንገበግበኛል።

ባሕር ዳር አሁን ዘንጣለች። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ማታ በመብራት ሲደምቅ የእውነት ያምራል። ሐይቁን ግን የእምቦጭ አረም ይዞታል፣ ደንገሉም ከዳር ዳሩ እየተመነጠረ ነው፤ ደንገል ከሌለ ደግሞ ታንኳ የለም። ከሄዳችሁ ማለዳ ውጡና ታንኳ የሚያስሩትን ሰዎች ፈልጓቸው። ሰላም በሏቸው፣ የሠሩትን ግዟቸው፣ ከቀረበላችሁም ብሉ።