ሰፊው ጎማ

መድኃኒት ስሰጥ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ሳላነብ ሰጥቼ አላውቅም። የመኪና ጎማም ጎኑ ላይ ጽሑፍ አለው።

ልጄ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ አድርጎ፣ ልጆቹን ጭኖ ራቤል ሲመጣ በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ አስገጥሞ ነበር። «እማዬ፣ አሁን መንገድ ይይዛል» አለኝ። በደረቅ አስፋልት ላይ ሐሰት አይደለም።

የቀድሞው ባለ 14 ኢንች ጎማ 175/70 ነበር፤ አዲሱ 205/70 ነው። ብዙ ሰው ስፋቱ ብቻ የጨመረ ይመስለዋል። ያ 70 ግን በመቶ ነው፤ የጎማው ጎን ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስፋቱ በ30 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ጎማው ከላይ እስከ ታች በ42 ሚሊ ሜትር አደገ። ጌጁ 60 ሲያሳይ መኪናው ወደ 64 ገደማ ይሮጣል። መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል፤ በእኛ አገር ያልተጠማዘዘ መንገድ የታለ? ቸርኬው ሳይሰፋ ጎማው ብቻ ሲሰፋ ደግሞ ጎኑ ያብጥና ኩርባ ላይ ይዋልላል።

ክረምት ይብሳል። ከሥሩ ጠጠር ባለው ጭቃ ጠባቡ ጎማ ቆርጦ ይገባል፤ ሰፊው ከላይ ይንሸራተታል።

«ልጆቹ እኔ ዘንድ ይቆዩ፤ አንተ ቀስ ብለህ ሂድና አስቀይር» አልኩት። የጎማውን ዋጋ ነገረኝ። ሰማሁት፤ ልጆቹን ግን አልሰጠሁም።

ጎሚስታ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት የሾፌሩን በር ክፈቱ። በብዙ መኪና እዚያ በተለጠፈው ወረቀት ላይ የጎማው ልክና የአየሩ መጠን ተጽፏል። ሰውና ዕቃ ሲሞላ የሚያስፈልገው አየር ለብቻው የተጻፈበትም አለ፤ ወደ አያት ቤት ስትመጡ በዚያ ልክ አስነፉ።